ጥራጊን ያለ ክርፋት ማቃጠል ይቻላልን?

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የአዲስ አበባ ነዋሪ ግቢውንና የደጁን መንገድ ጠርጎ፥ ደረቁን ቅጠልና ወረቀቱን፥ ያለቀለትን ሰሌንና የተቦጫጨቀውን ጫማ ባንድነት ከምሮ እሳት ይለኩስበታል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ልማድ፥ በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የተጠራው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን ከመታበት ጊዜ አንሥቶ የቆየ መሆኑ ይነገራል። በዚያ ወር እጅግ ብዙ ሰው ስላለቀ፥ ሕዝቡ መቅሠፍቱን በጢስ ለማባረር ማሰቡ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በሽታው በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነበረ እንጂ ከጥራጊ ክምር የሚነሣ አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ጥራጊውን ከማቃጠል ይልቅ ሰብስቦ ማስረከብ እንደሚሻል ቢመከርም፥ በዕለቱ ከየሰፈሩ ጢስ መነሣቱ አልቀረም።

ነገሩ የአንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባላነሣነው ነበር። የጽዳት ሠራተኞች ጋሪ በማይደርስበት የከተማ ዳር፥ በገጠር ትምህርት ቤት ግቢ፥ በትንንሽ ከተሞች ባሉ ምግብ ቤቶች ጓሮ ጥራጊ የሚቃጠለው በየሳምንቱ፥ በአንዳንዱ ዘንድም በየማታው ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ወይም ያረጀ በርሜል ጎኑ ይበሳል፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ፥ የጫቱ ገራባ፥ የቡናው አተላ፥ ፌስታሉና ጨርቁ ተደባልቆ ይጨመርበትና ከላይ ጥቂት ላምባ ተርከፍክፎ ክብሪት ይጫርበታል። ነበልባሉ ለጥቂት ደቂቃ ይንቦገቦግና ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊቱን ሙሉ መጨስ ብቻ ነው። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ክርፋቱን የሚቀበለው ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል ያለው ጎረቤት ነው። በዚያ ቤት አስም ያለባት አሮጊት ወይም ገና የተወለደ ሕፃን ካለ፥ ጉዳዩ አፍንጫን ከመያዝ ያለፈ ይሆናል፤ ለብዙ ዘመን ቡና አብረው ሲጠጡ የኖሩ ጎረቤታሞችም በዚህ ምክንያት ሰላምታ ይነፋፈጋሉ።

እንግዲህ መጠየቅ የሚገባን፥ የሚሸተው ጥራጊው ነው ወይስ አነዳደዳችን? የሚለውን ነው። መልሱም አነዳደዳችን ነው። ጥራጊን መጥፎ ሽታ ሳይኖረው ማቃጠል ይቻላል፤ ነገር ግን ምድጃው ጥራጊውን ብቻ ሳይሆን የጥራጊውንም ጢስ ማቃጠል አለበት። ባጭሩ አንድ እሳት አይበቃም፤ ሁለት እሳት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጢስ ያልነደደ ማገዶ ነው

ይህንን ለመረዳት ትልቅ ትምህርት አያሻም። አንባቢያችን ዛሬ ማታ አንድ ሻማ ያብሩና ጥቂት ከነደደ በኋላ እፍ ብለው ያጥፉት። ከክሩ ጫፍ ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያያሉ፤ ሽታውም ወዲያው ይመጣል። ያን ጊዜ የተለኮሰ ክብሪት ወደ ክሩ ሳይሆን ወደ ጢሱ ያስጠጉ። እሳቱ በጢሱ ላይ ወርዶ ክሩን መልሶ ይለኩሰዋል፤ ሽታውም ይጠፋል። ጢስ ብለን የምንንቀው ነገር እንግዲህ እሳት ሳያገኝ ያመለጠ ማገዶ ነው።

ኩራዝና ፋኖስም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሁለቱም የሚጠጡት አንድ ዐይነት ላምባ ነው። ኩራዙ ግን ጣራውን ያጠቁራል፥ አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ ፋኖሱ ጥርት ብሎ ይበራል። ልዩነቱ ብርጭቆው ነው። ብርጭቆው ሙቀቱን ይዞ ያቆያል፥ አየሩንም ከሥር እየሳበ ለነበልባሉ ያቀርብለታል። መልካም የጥራጊ ምድጃ ማለት በጡብ የተሠራ ትልቅ ፋኖስ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ በርሜሉ እንመለስ። ልጣጭና አጥንት፥ ጨርቅና ወረቀት አየር በሌለበት ሲጋል ገና ሳይነድ ይፈራርሳል። ከቅጠሉና ከእንጨቱ ኮምጣጣ እንፋሎትና ዓይን የሚያስለቅስ ጢስ ይወጣል፤ ከስቡ አክሮሊን የሚባለው ጉሮሮ የሚፍቅ ነገር፥ ከአጥንቱና ከፀጉሩ ደግሞ አሞኒያና የድኝ ዘር ያለባቸው ጋዞች ይወጣሉ። የሰው አፍንጫ ለእነዚህ የተሳለ ነው። የተበላሸ ዕንቁላል ሽታ የሚሰጠው ጋዝ ከቢሊዮን የአየር እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ሆኖ ሳለ እንኳ ይታወቀናል። ስለዚህ የጢሱን ዘጠኝ እጅ አቃጥሎ አንዱን መልቀቅ ለአፍንጫ ምንም ጥቅም የለውም፤ ፈጽሞ መንደድ አለበት።

ፈጽሞ እንዲነድም ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ በቂ ሙቀት፥ በዚያ ሙቀት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ፥ እንዲሁም ከአየር ጋር በሚገባ መደባለቅ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጥራጊ የሚያቃጥሉ ፋብሪካዎችን የሚያስገድደው፥ ጢሱ የመጨረሻውን አየር ካገኘ በኋላ ቢያንስ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰኮንድ እንዲቆይ ነው። ሁለት ሰኮንድ ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ቢመስልም፥ በጢስ ማውጫ ውስጥ ለሚሮጥ ጢስ ግን ረጅም ጊዜ ነው።

የኢሊንጉ መሐንዲስ

የእንግሊዝ ከተሞች ይህን የተማሩት በጎረቤት እሮሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በኖቲንግሃም ከተማ አልፍሬድ ፍራየር የነደፈው የጥራጊ ማቃጠያ ምድጃ ተሠራ። «ዲስትራክተር» ማለት አጥፊ ተባለ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉት። ጥራጊው በእርግጥ ይጠፋ ነበር፤ ነገር ግን እርጥቡ ጥራጊ ከምድጃው አፍ ላይ ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት ሳይነድ በቀጥታ ወደ ጢስ ማውጫው ይገባ ስለ ነበረ፥ ሰዎቹ በክርፋቱ መማረር ጀመሩ።

መላውን ያገኘው የኢሊንግ ከተማ መሐንዲስ ቻርልስ ጆንስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1885 በምድጃውና በጢስ ማውጫው መካከል ሌላ ትንሽ ምድጃ አስገባ። በዚያች ምድጃ ውስጥ ኮክ የሚባለው ከድንጋይ ከሰል የሚገኘው ፍም ዘወትር ይነዳል፤ ከትልቁ ምድጃ የሚመጣውም ጢስ ሁሉ በዚህ ፍም ላይና በጋሉት ጡቦች መካከል እንዲያልፍ ይገደዳል። በዚህ ዐይነት ጢሱ ሁለተኛ ተቃጠለ። ዘዴው ኮክ ስለሚፈጅ ወጪው ቀላል አልነበረም፤ ኋላም ዋናው ምድጃ ራሱ የበለጠ እንዲግል ሆኖ መሠራት ሲጀምር ተጨማሪው ፍም እየቀረ ሄደ። ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም። አሁን የሚሠሩት ሁለት ክፍል ያላቸው ምድጃዎች ሁሉ የጆንስ የልጅ ልጆች ናቸው ለማለት ይቻላል።

የጀርመኗ ሐምቡርግ ደግሞ ወደዚህ ሥራ የገባችው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በተነሣው ኮሌራ ከ8,000 በላይ ሰው ሞተባት። በዙሪያዋ ያሉት መንደሮችም ጥራጊዋን ከእንግዲህ አንቀበልም ስላሉ፥ ከተማዋ ትልቅ የማቃጠያ ፋብሪካ ለመሥራት ተገደደች። አዲስ አበባና ሐምቡርግ ሁለቱም በወረርሽኝ ምክንያት ወደ እሳት ሄዱ፤ አንዷ ክምሩን በመንገድ ላይ ለኮሰች፥ ሌላዋ ምድጃ ሠራች።

ውሃው የሚበላው ሙቀት

ወደ ምድጃው አሠራር ከመግባታችን በፊት ስለ እርጥብ ጥራጊ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ፤ ብዙ ሰው ምድጃ አሠርቶ የሚያዝነው ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ስለ ቀረ ነውና። አንድ ኪሎ የጓዳ ጥራጊ፥ ልጣጭና ቅጠል እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ 700 ግራሙ ውሃ፥ 300 ግራሙ ብቻ ደረቅ ነገር ነው እንበል። ደረቁ ነገር በኪሎ 4,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ቢሰጥ፥ ሦስት መቶው ግራም የሚሰጠን 1,200 ነው። ውሃውን አፍልቶ፥ አትንኖ፥ እንፋሎቱንም እስከ 850 ዲግሪ ለማሞቅ 700 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይሄዳል። የሚቀረው 500 ነው። ለመንደጃ የሚገባውን አየር እስከዚያው ሙቀት ለማድረስ ግን 780 ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ገና ጡቡ ድርሻውን ሳይወስድ ዕዳ ገባን! እርጥብ የጓዳ ጥራጊ ያለ ሌላ ማገዶ ንጹሕ እሳት ሊሆን አይችልም፤ ማንኛውም ብልህ ግንበኛ ይህን ሊለውጠው አይችልም።

ያው ጥራጊ በፀሐይ ደርቆ ውሃው ወደ 300 ግራም ሲወርድ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ከአንድ ኪሎ 2,800 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል፤ ለውሃውና ለአየሩ 2,100 ያህል ተከፍሎ ለጡቡ የሚበቃ ይተርፋል። በበጋ ወራት በወንፊት ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ቀን ፀሐይ ያገኘ ቅጠልና ገራባ ለዚህ ይበቃል። የምግብ ትራፊውና አተላው ግን ዝንብ ስለሚጠራ በፀሐይ ላይ የሚሰጣ አይደለም፤ ቦታው የማዳበሪያ ጉድጓድ ነው። ከከተማ ቤት ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ስለ ሆነ፥ ይህ ብቻ ቢለይ ለምድጃው የሚተርፈው ሥራ በብዙ ይቀላል። እመቤቶች እዚህ ላይ ሁለት ዕቃ በጓዳ ማስቀመጥ አሰልቺ ነው ይሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚህ የረከሰ መላ የለም።

የሁለት እሳት ምድጃ

አሁን ምድጃውን እንገንባ። አምስት ወይም ስድስት ቤተ ሰብ በኅብረት የሚጠቀሙበት፥ በሰዓት 5 ኪሎ ደረቅ ጥራጊ የሚያነድ ይሁን። የፊተኛው ክፍል የታወቀው ዐይነት ምድጃ ነው፤ ከሥሩ አመድ መውደቂያ፥ በላዩ የብረት ፍርግርግ፥ በፊቱ ጥራጊ መጨመሪያ በር። አየር በፍርግርጉ ሥር ይገባል። ከዚህ ክፍል ጢሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ጠባብ ጉሮሮ መሆን አለበት። በዚህ ጉሮሮ ላይ በግድግዳው ውስጥ አልፎ የመጣ፥ በመንገዱም የሞቀ ሁለተኛ አየር በትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባል። ጠባብ መሆኑ ጢሱንና አየሩን አጋፍቶ ያደባልቃቸዋል፤ አየሩ መሞቁ ደግሞ ነበልባሉን እንዳያቀዘቅዘው ነው። ብዙ ግንበኞች ይህን ቀዳዳ ይረሱታል፤ ከተረሳ ግን ሁለተኛው ክፍል ባዶ ክፍል ብቻ ይሆናል።

ከጉሮሮው ቀጥሎ ጢሱ የሚቃጠልበት ሁለተኛ ክፍል ይመጣል። ስፋቱን በሒሳብ እናግኘው። አንድ ኪሎ ደረቅ ነገር ለመንደድ 6 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ፍጹም እንዲነድ እጥፉን እንስጠው። እንግዲህ በሰዓት 5 ኪሎ ጥራጊና 60 ኪሎ አየር፥ በጠቅላላው 65 ኪሎ ትኩስ ጋዝ በዚህ ክፍል ያልፋል። በ850 ዲግሪ ይህ ጋዝ እጅግ ስለሚነፋ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ በየሰኮንዱ 76 ሊትር ያህል ይሆናል። ሁለት ሰኮንድ እንዲቆይ ከፈለግን 150 ሊትር የሚይዝ ክፍል ማለት ነው፤ ይኸውም ወርዱ 50፥ ጐኑ 50፥ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። ይህ ልክ የጡቡን ውፍረት ሳይጨምር የውስጡ ባዶ ቦታ ነው።

«በአዲስ አበባ ከፍታ» ያልነው በከንቱ አይደለም። አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ያው ጋዝ በባሕር ጠረፍ 115 ሊትር የሚበቃውን ያህል እዚህ 150 ይጠይቃል። የጠረፍ አገር ንድፍ ገልብጦ እንዳለ በደጋ የሚሠራ ሰው ምድጃው ሲያጨስበት ግንበኛውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የንድፉ ነው።

ጡቡ እሳት የሚችል ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ በሚገባ የበሰለ ቀይ ሸክላ ያገለግላል፤ ከዓመታት በኋላ የውስጡን ረድፍ መለወጥ ያስፈልግ ይሆናል። ውስጡን በሲሚንቶ መገንባት ግን አይገባም፤ ሲሚንቶ በዚህ ሙቀት ውሃውን ጥሎ ይፈረካከሳል። ሸክላ ሠሪዎች እንደሚያውቁት፥ ከተፈጨ ገል ጋር በሚገባ የተቦካ የሸክላ ጭቃ ይሻላል። በውስጠኛውና በውጭኛው ግድግዳ መካከል አራት ጣት ያህል ቦታ ተትቶ በአመድ ቢሞላ ሙቀቱ አያመልጥም። ትንሽ ምድጃ እንደ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፤ ስለዚህ ብርድ ልብሱ ወፍራም መሆን አለበት። ጢስ ማውጫው ከ4 ሜትር ባያንስ፥ ከአጠገቡም ካሉት ቤቶች ጣራ በላይ ቢሆን ይበጃል፤ አየሩን ወደ ውስጥ የሚስበው እርሱ ነው፤ ወናፍ አያስፈልግም።

ከግንባታው ይልቅ ግን የሚያስቸግረው አያያዙ ነው። መጀመሪያ የሚለኮሰው ጥራጊው አይደለም። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ደረቅ ፍልጥ ወይም ከሰል ይነዳል፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ የውስጡ ጡብ ደማቅ ቀይ ሲሆን ብቻ በፊተኛው ክፍል ጥራጊው ይጨመራል። ጥቁር ቀይ ገና ነው፤ 650 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ጥራጊው በጥቂት በጥቂቱ፥ የቀደመው ነበልባል ሳይወርድ መጨመር አለበት። አንድ ጊዜ ከተጠቀጠቀ ፋኖሱ ወደ ኩራዝነት ይመለሳል። የጢስ ማውጫውን ጫፍ የሚመለከት ሰው ከአየሩ መንቀጥቀጥ በቀር ምንም ካላየ እሳቱ ደኅና ነው፤ ነጭ ጢስ ከታየ እሳቱ ቀዝቅዟል፥ ጥቁር ጢስ ከታየ አየር አንሶታል። የሚነደድበትም ሰዓት ረፋድ ወይም እኩለ ቀን ይሁን። በበጋ ማለዳና ማታ ቀዝቃዛው አየር በሰፈሩ ላይ ስለሚተኛ ጢስን ወደ ላይ አያሳልፍም፤ የኅዳር ጢስ እስከ ረፋድ የሚቆየውም ስለዚሁ ነው።

ያልሸተተ ሁሉ ደኅና አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። አፍንጫ ታማኝ ዘበኛ ቢሆንም ሁሉን አያይም። በተዘጋ ቤት ከሰል የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ለኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ፥ ለውሃ ቧንቧና ለአንዳንድ ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚያገለግለው ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ ሲነድ የጨው አሲድ ይወጣዋል፤ ጢሱም ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ዳይኦክሲን የሚባሉት መርዞች ሊፈጠሩበት ይችላሉ። እነዚህ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመውና ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት፥ ከእነዚህ መርዞች ምንጮች አንዱ ጥራጊን በሜዳ ማቃጠል መሆኑን ዘርዝሮ ይናገራል። ስለዚህ ሽቦና ቧንቧ፥ ባትሪ ድንጋይ፥ ጎማ፥ የቀለም ቆርቆሮ፥ መድኃኒት፥ እንዲሁም የሚረጭ ነገር የነበረበት የታሸገ ቆርቆሮ በዚህ ምድጃ ፈጽሞ መግባት የለበትም። የመጨረሻው ይፈነዳል፤ ሌሎቹ ምድጃው ምንም ያህል ቢግል በጓሮ ሊጣሩ የማይችሉ ናቸው። ፌስታልም ተለይቶ ቢቀር ይመረጣል።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን የሚወጡት ጢሱን በማጠብና በማጣራት ነው። በአዲስ አበባ ረጲ ላይ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ጥራጊን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲያመነጭ የታቀደው ጣቢያ፥ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነበረ። ይህ ጣቢያ ከመመረቁ ከአንድ ዓመት ተኩል ያህል በፊት፥ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከአጠገቡ ያለው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን መቅበሩ አይዘነጋም። እንደዚህ ባለ ጣቢያ ከእሳቱ በኋላ ያለው የማጣሪያ ሥራ ብዙ ቦታና ብዙ ገንዘብ ይወስዳል። የጓሮ ምድጃ ይህ የለውም፤ ማጣሪያው የሚያነደው ሰው መምረጥ ብቻ ነው።

ትንንሽ የጡብ ምድጃዎችን በሚመለከት በብዙ የአፍሪካ አገሮች የታወቀው፥ በእንግሊዝ አገር ሌስተር በሚገኘው በዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፒከን የነደፉት ነው። የተሠራው ለጤና ጣቢያዎች መርፌና ፋሻ ሲሆን፥ ሁለት ክፍል አለው፤ በሰዓት 12 ኪሎ ያህል ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉትን ምድጃዎች የሚመለከታቸው የተሻለ እስኪገኝ ድረስ እንደ መሸጋገሪያ ነው። እኛም የጓሮውን ምድጃ ከዚህ አስበልጠን አናየውም። የጽዳት ጋሪ በየሳምንቱ በሚመጣበት ሰፈር ምድጃ መሥራት ጡብ ማባከን ነው። ጋሪው በማይደርስበት፥ ትምህርት ቤቱ ወይም ምግብ ቤቱ ሌላ ምርጫ በሌለበት ቦታ ግን፥ ሁለት እሳት ያለው ምድጃ ከበርሜሉ እጅግ ይሻላል።

አመዱ በማግሥቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይወጣል። ቅጠልና እንጨት ብቻ ከነደደ ለጎመንና ለጌሾ ሥር ይሆናል። ቀለም ያለው ወረቀት ወይም ጨርቅ ከተቀላቀለበት፥ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ፥ ዝናብ የማያጥበው ቦታ መቀበር አለበት። ፍርግርጉ በየጊዜው ይጠረጋል፤ የሁለተኛው አየር ቀዳዳዎችም በቀጭን ብረት ይጎረጎራሉ፤ አመድ የሚደፍናቸው እነርሱን ነው። ክረምት ሲገባም ምድጃው በቆርቆሮ ይከደን፤ ውሃ የጠጣ ጡብ በመስከረም ሲለኮስ ይሰነጠቃል፤ በመጀመሪያዎቹም ቀናት በትንሽ እሳት ቀስ እየተባለ መድረቅ ይኖርበታል።